የቤት ትምህርት በሌሊት ሠራተኛ ቤት፦ ሰዓቱ ሲፈርስ አብሮ የማይፈርስ ሥርዓት አለ ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ውድ ወገኖቼ፣ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ባለትዳሮች ነን። የ7 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጅና የ14 ወር ሕፃን አሉን። እኔ በሳምንት ሦስት ሌሊት ሆስፒታል እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀን ቀን ታክሲ ይነዳል። ሁለቱን ታላላቆች በዚህ ዓመት ቤት ውስጥ ለማስተማር የወሰንነው በሁለት ምክንያት ነው። ልጄ ማንበብን እየጠላች መጣች፤ ደግሞም ከአያቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር አማርኛው እየጠፋባት ስልኩን ለእኔ ማቀበል ጀመረች።

ለካውንቲው አስታወቅን፤ መጻሕፍት ገዛን፤ እኔም ከጠዋቱ 8፡30 እስከ ከሰዓት በኋላ 2፡30 የሚዘልቅ፣ በየ45 ደቂቃው የተከፋፈለ የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጅቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁ። ሰሌዳው የኖረው ለዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። በዐሥረኛው ቀን ሕፃኑ አተኮሰው፤ እኔ ከሌሊት ሥራ ገና መግባቴ ነበር፤ ሒሳቡ ወደ ከሰዓት ተላለፈ፤ ከሰዓት ደግሞ ምንም ሳይሠራ መሸ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ለውጬዋለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ ፈርሷል። ልጄ አሁን አዲስ ሰሌዳ ስለጥፍ ዐይታው ዝም ትላለች፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ዝምታዋ ነው። ልጆቼን ትምህርት ማለት የሚፈርስ ነገር መሆኑን እያስተማርኳቸው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጥያቄዬ ቤት ማስተማር ይሻላል ወይስ ትምህርት ቤት የሚለው አይደለም። የሌሊት ሥራና ሕፃን ባለበት ቤት፣ ሰዓቱ ሲፈርስ አብሮት የማይፈርስ ሥርዓት ያገኛችሁ ካላችሁ አሠራሩን በዝርዝር እንድትነግሩኝ ነው።

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተሉት መልሶች፣ ስለረዘመና ዘግይተው የመጡ እናቶች ዋና ዋናውን እንድሰበስብላቸው ስለጠየቁኝ፣ የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አስፍሬያለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው እዚሁ ሜሪላንድ ከምትኖር የሦስት ልጆች እናት ነው። በእኅትነት ሰላምታ ከጀመረች በኋላ በቅድሚያ ሕጉን አስረዳችኝ። የሜሪላንድ ደንብ ወላጅ ማስተማር ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ፣ ትምህርቱም መደበኛና የተሟላ እንዲሆን ይጠይቃል። ትምህርቶቹ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ናቸው። የልጆቹ ሥራዎች የሚሰበሰቡበትን ማኅደር የሚመለከተው ሰው በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠራንም። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተደነገገው 180 ቀን ግን ቤት ውስጥ በምናስተምረው ላይ አልተጫነም፤ በቀን ይህን ያህል ሰዓት የሚል ግዴታም የለም። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም ስድስት ሰዓቱን የጫነብኝ ካውንቲው ሳይሆን እኔው ራሴ ኖሬያለሁ። ሃያ ልጅ የሚያስተምር መምህር ለመሰለፍ፣ ለመቆጣጠርና ዝም ለማሰኘት የሚያጠፋውን ጊዜ ሁሉ ለሁለት ልጅ ቀድቼዋለሁ።

2ኛውን የጻፉት ከቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሆኑ አባት ናቸው። ሁሉም ወላጅ እስከ ኦገስት 1 ድረስ የፈተና ውጤት ማስገባት ስላለበት መለማመጃው ከወዲሁ በሰሌዳው እንዲገባ አሳሰቡ። በ3ኛው መልስ አንዲት ሌላ የቨርጂኒያ እናት በትሕትና አረሟቸው። ቀኑ የቨርጂኒያ እንጂ የሜሪላንድ አይደለም፤ በቨርጂኒያም ቢሆን የልጁ መሻሻል በፈተና ብቻ ሳይሆን ብቁ በሆነ ሰው ግምገማም ሊገለጽ ይችላል፤ ልጁ ሴፕቴምበር 30 ላይ 6 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ማስረጃው ጨርሶ አይጠየቅም። እስከ ኦገስት 15 መላክ ያለበት የማስታወቂያው ደብዳቤ ነው። አባትየው እርማቱን ተቀብለው አመሰገኑ። ሁለቱ ግዛቶች በድልድይ ስለሚገናኙ ዘመድ ከዘመድ የሰማውን ሕግ ይዞ ወንዙን ይሻገራል፤ እባካችሁ እያንዳንዳችሁ የምትኖሩበትን ግዛት ደንብ ራሳችሁ አንብቡ።

4ኛውና 5ኛው መልሶች አይዞሽ የሚሉ ነበሩ፤ በችግር ጊዜ ይህም ዋጋ አለው።

6ኛው መልስ ሐሳቤን የለወጠው ነው። አራት ልጆቿን ቤት ውስጥ የምታስተምር እናት፣ ትምህርቶችን በሰዓት ማሰር ትታ በተራ እንደምታስኬዳቸው ጻፈች። ምሳሌዋን የወሰደችው ከእናቷ የጽዋ ማኅበር ነበር። በማኅበር ዘንድ ተራ የደረሰው ሰው ይደግሳል፤ ሐዘን ወይም ሕመም ቢገጥመው ቀኑ ይገፋለታል እንጂ ተራው አይሰረዝም፤ የሚቀጥለውም ሰው ያለ ተራው አይዘልለውም። እርሷም ሳይንስን፣ ታሪክን፣ ሥዕልን፣ ሙዚቃንና ጤናን በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፈቻቸው፤ አጠገባቸውም የልብስ መቆንጠጫ አደረገች። የዛሬው ሲያልቅ መቆንጠጫው አንድ ይወርዳል። ነገ ሕፃኑ ቢታመም መቆንጠጫው ባለበት ያድራል፤ ከነገ ወዲያ ሥራው የሚጀመረው ከዚያው ከቆመበት ነው። ስለዚህ ያለፈን ነገር ለመተካት መሯሯጥ የለም፤ ልጆቹም አንድ ነገር ፈረሰ ብለው አያስቡም። በሰዓት ሰሌዳ ማክሰኞ ከታመምን ሁልጊዜ የሚጎዳው የማክሰኞው ትምህርት ሲሆን፣ በተራ ግን ሁሉም እኩል እንደሚደርስ በልጆቿ ደብተር አይታዋለች። ይህን መልስ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት፤ በዚያው ሌሊት የፍሪጁን ሰሌዳ አነሳነው።

7ኛው መልስ ግን ጠንከር ያለ ተቃውሞ አመጣ። ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ነገር፣ ሒሳብንና ንባብን ጭምር፣ በተራ አድርጋው ነበር። ተራው በሰባት ቀን አንዴ እየደረሰ ልጇ የተማረውን መደመር ይረሳው ጀመር፤ ፊደል መለየትም እንዲሁ። ትንሽ ልጅ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚሠራው አንድ ሰዓት ይልቅ በየቀኑ የሚሠራው ዐሥር ደቂቃ እንደሚጠቅመው አበክራ ገለጸች። የ6ኛው መልስ ባለቤት በ8ኛው ተመልሳ ይህን ሳትጽፍ መቅረቷ ስሕተት መሆኑን አመነች፦ ንባብና ሒሳብ ተራ አይጠብቁም፤ በየቀኑ፣ አጭርም ቢሆኑ ይሠራሉ፤ ተራው ለቀሩት ነው። እኔ የሁለቱ ንግግር ከአንዳቸው ብቻ የበለጠ እንደሆነ አምናለሁ። የማይታጠፈውን ወደ ሁለት ነገር ብቻ ማጥበብ ካልቻልን የሚታጠፈው ነገር ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል።

9ኛውን መልስ የጻፉት አገር ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የንግግራቸው አቀራረብ ከቀደሙት ሁሉ የከረረ ነበር። ልጅ ከልጅ ጋር እየተጋፋ እንጂ ከእናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ አያድግም፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ቀን ማስተማሩ ለታካሚውም ለተማሪውም ግፍ ነው፤ ተራ እየተባለ የሚወራውም የስንፍና ሌላ ስም ነው ሲሉ ደመደሙ። በ10ኛው መልስ አንዲት ወጣት እናት በቁጣ መለሰችላቸው፤ እናትን ከመውቀስ በፊት ሁለት ሥራ ይዘው ልጅ የሚያሳድጉበትን ኑሮ እንዲያዩ፣ የእሳቸው ዘመን ትምህርት ቤት በአርጩሜ የቆመ እንደነበርም እንዳይዘነጉ ጻፈች። ከዚያም አልፋ ስለ ዕድሜያቸው የተናገረችው ነገር ነበር፤ ያንን እዚህ ልደግመው አልፈልግም፤ እርሷም በኋላ አጥፍታዋለች። እኔ በመካከል ገብቼ መምህሩን በአክብሮት መለስሁላቸው። ስለ እንቅልፌ የተናገሩት እውነት መሆኑን ሳልሸሽግ ነገርኋቸው፤ ምክንያቱም ከሌሊት ሥራ በገባሁበት ጠዋት በልጄ ላይ ያለ ጥፋቷ ጮኼባት አውቃለሁ።

11ኛው መልስ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ጠቡንም ያበረደው እሱ ነው። ይህች እናት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ቤት መቅረቷን አስታወሰች። ያ የተመረጠ የቤት ትምህርት ሳይሆን ድንገተኛ ችግር ስለነበረ ከእኔ ጉዳይ ጋር እንዳይቀላቀል አስቀድማ አስጠነቀቀች። ሆኖም በእነዚያ ወራት አንድ ነገር ተምራለች። በሰዓት የተመደበው ሁሉ ሲቀር፣ ከቡና ጋር የታሰረው አልቀረም። እናቷ በየቀኑ ቡና ስለሚያፈሉ፣ ቡናው እየተቆላ ታላቂቱ ታነባለች፤ አቦሉ ሲቀዳ ታናሹ ፊደሉን ይቆጥራል፤ በቶናው አያት ተረት ይነግራሉ፤ በበረካው ልጆቹ ተረቱን በራሳቸው አንደበት መልሰው ይተርካሉ። ቡናው በአራት ሰዓትም ተፈላ በዐሥር ሰዓት ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ልጆቹም ሰዓት ሳይሆን ሽታውን ይጠብቃሉ። ወደ ትምህርት ቤት ከተመለሱም በኋላ ተረት መልሶ መተረኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጥለውበታል።

ከ6ኛው ቀጥሎ ብዙ የወሰድሁት ከዚህ መልስ ነው። የእኔ ቀን ሁልጊዜ የሚለዋወጥ ቢሆንም በውስጡ የማይቀሩ ነገሮች አሉ፤ ቁርስ አለ፣ የሕፃኑ የቀን እንቅልፍ አለ፣ ባለቤቴ የሚገባበት ሰዓት አለ፣ ከመኝታ በፊት ልጆቹን የማጠብበት ጊዜ አለ። ንባብን በሰዓት ሳይሆን በቁርስ ላይ ካሰርሁት፣ ቁርሱ በዘገየ ጊዜ ንባቡም አብሮ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

12ኛው መልስ ከጀርመን ፍራንክፈርት ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ምርጫ እንደሌላቸው ገለጹ፤ በጀርመን ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ በመሆኑ ወላጅ ቤት አስተምራለሁ ብሎ ልጁን ማስቀረት አይችልም፤ ይህን የተቃወመ ቤተሰብ ያቀረበውን አቤቱታም የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2006 አልተቀበለውም። በ13ኛው መልስ ከስዊድን የጻፈች እኅት በዚያም ከ2011 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የትምህርት ሕግ ፈቃድ የሚሰጠው ለየት ላለ ምክንያት ብቻ መሆኑን ጨመረች። ሁለቱም የቡናውን ሐሳብ ለአማርኛ ብቻ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሊጠቀሙበት አስበዋል። ለእነርሱ የሚሆነው ይህ ከሆነ ክሩ ከእኔ ቤት ውጭም ጠቅሟል ማለት ነው።

ከ14ኛው እስከ 17ኛው ያሉት መልሶች ወደ ፊደል ጉዳይ አዘነበሉ። 14ኛዋ ጸሐፊ 231 ፊደል ለአምስት ዓመት ልጅ ተራራ ነው፤ ስለዚህ እስኪያድግ ይቆይ የሚል ሐሳብ አቀረበች። በ15ኛው መልስ አንድ ዲያቆን ስሌቱን በሌላ መንገድ አሳዩ። ልጁ የሚያጠናው 231 የተለያየ ነገር ሳይሆን 33 ቤትና የሰባቱን ድምፆች አካሄድ ነው፤ ካዕቡን፣ ሣልሱንና ራብዑን በአምስትና በስድስት ቤት ላይ አጥብቆ ከያዘ የቀረውን ራሱ ይገምታል። በሳምንት አንድ ቤት ቢያዝ በ33 ሳምንት ያልቃል፤ የ180 ቀን የትምህርት ዓመት በሳምንት አምስት ቀን ሲታሰብ 36 ሳምንት ስለሚሆን፣ ለሕመምና ለበዓል ሦስት ሳምንት ይተርፋል። 33ቱም ቢሆኑ 26ቱ ከግእዝ የመጡ ሲሆን ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ለአማርኛ የተጨመሩ ናቸው። 16ኛው መልስ ቨን ጨምረው 34 ይላሉ እንጂ ብሎ አረመ። ከዚያም ሀ፣ ሐ እና ኀ ለትንሽ ልጅ ተለይተው ይሰጡ ወይስ እንደ አንድ ይቈጠሩ የሚል ክርክር ተነሣ። ከሁለቱም ወገን ስለ ቅርስና ስለ ድንቁርና ከባድ ቃላት ተወራወሩ፤ ጥያቄዬም ተረሳ። እኔ በበኩሌ ልጄ መጀመሪያ ለአያቱ ስሙን ጽፎ እንዲልክ እፈልጋለሁ፤ ሐመሩንና ብዙኃኑን በቃላት ውስጥ ሲያገኛቸው ይለያቸዋል። የዲያቆኑን የ33 ሳምንት ስሌት ግን ተቀብዬዋለሁ፤ ሳምንቱ ካላለቀ ቤቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል።

18ኛው መልስ ክሩን ወደ መንገዱ መለሰው። ሙስሊም የሆኑ አባት የረመዳን ወር በመጣ ቁጥር የቤታቸው ሰዓት በሙሉ እንደሚገለበጥ ጻፉ። ታላቁ ልጅ ከሱሑር፣ ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ፣ በኋላ ንቁ ስለሆነ ሒሳቡን በዚያን ጊዜ ይሠራል፤ ትንሿ ደግሞ ከኢፍጣር በፊት ያለውን ረጅም ጊዜ በሥዕልና በንባብ ታሳልፈዋለች፤ ወሩ ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። እኔም ዓመቱን ሙሉ አንድ ሥርዓት ከምፈልግ ለየወቅቱ ሁለት ወይም ሦስት እንዲኖረኝ መከሩኝ፤ አንዱ ለሥራ ሌሊቶቼ ማግስት፣ አንዱ ለዕረፍት ቀኖቼ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ሰባቱንም ቀን አንድ ዓይነት ለማድረግ ስታገል ነበር።

19ኛው መልስ የመምህሩ ነው። ተመልሰው በመጡ ጊዜ አነጋገራቸው ረግቶ ነበር። የ10ኛዋ ጸሐፊ ስለ አርጩሜ የተናገረችው እንዳሳዘናቸው፣ ነገር ግን ሐሰት ነው ብለው መካድ እንደማይችሉ ገለጹ። የቤት ትምህርትን አሁንም እንደማይደግፉ ሳይደብቁ፣ ከጀመርሽው አይቀር በማለት ሁለት ነገር ሰጡኝ። የመጀመሪያው፣ ልጅቷ በየቀኑ ለዐሥር ደቂቃ ጮክ ብላ እንድታነብብልኝ፣ ስትሳሳትም ወዲያው እንዳላርማት፣ ዓረፍተ ነገሩን እስክትጨርስ እንድጠብቅና ተመልሳ ራሷ እንድታየው ነው። ሁለተኛው፣ ከምታነበው መጽሐፍ ላይ በአንድ ገጽ ከአራትና ከአምስት በላይ ቃል ከከበዳት መጽሐፉ ገና ስለሆነ ሌላ እንድሰጣት ነው። ልጄ ማንበብ የጠላችበትን ምክንያት ከዚህ ምክር በኋላ ደረስሁበት፤ የምሰጣት መጽሐፍ ከአቅሟ በላይ ነበር፤ በየመስመሩም አቋርጣት ነበር። ስለዚህ ውለታቸው በዚሁ ክር ላይ በስማቸው ፊት አመስግኛቸዋለሁ። የ10ኛዋ ጸሐፊም ይቅርታ ጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም ልጄ ብለው መልሰውላታል።

20ኛው መልስ ስለ ሕፃኑ ብቻ ነበር። ታላላቆቹ በሚማሩበት ጊዜ ብቻ የሚወጣ አንድ ቅርጫት ይዘጋጅለት፤ በውስጡ ክዳን ያላቸው ጣሳዎች፣ የእንጨት ማንኪያና ጨርቅ ይሁን፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ቅርጫቱ ይደበቅ ተባልሁ። እስካሁን ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሠርቷል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

21ኛው የእኔው መልስ ነው፤ አምስት ሳምንት ከሞከርሁ በኋላ የጻፍሁት። ከሌሊት ሥራ በገባሁበት ጠዋት እኔ አላስተምርም። ባለቤቴ በእነዚያ ሦስት ቀናት ሥራውን ዘግይቶ ስለሚጀምር ቁርሱን እሱ ያቀርባል፤ ልጅቷ ለእሱ ዐሥር ደቂቃ ታነብብለታለች፤ ወንዱ ልጅ የሳምንቱን የፊደል ቤት ይጽፍለታል፤ ከዚያም ጎረቤታችን ያሉ እናት እስከ ቀትር ልጆቹን ይይዙልኛል፤ እኔ እተኛለሁ። ሒሳቡ ሕፃኑ ከሰዓት በሚተኛበት ጊዜ ነው፤ ለልጅቷ ሃያ ደቂቃ፣ ለወንዱ ልጅ ዐሥር፤ ብዙ ጊዜም የእሱ ሒሳብ ለእንጀራ ሊጥ የሚገባውን ዱቄት በስኒ መቁጠር ነው። ተራው በዕረፍቴ ቀናት ይሄዳል፤ መቆንጠጫው በአምስት ሳምንት ውስጥ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ዞሮታል። ቡና የምናፈላው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ተረቱም ሁለት ቀን ነው፤ ባለፈው እሑድ ልጄ በበረካው ላይ የአያቷን ተረት በአማርኛ መልሳ ስትተርክ ሦስት ቃል ብቻ በእንግሊዝኛ ተካች።

ያልተስተካከለልኝ ነገር ሙዚቃው ነው። በደንቡ ከተዘረዘሩት ትምህርቶች አንዱ ስለሆነ በማኅደሩ ውስጥ የሚገባ ነገር እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ያለኝ ግን የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙራቸውና የተጠናበትን ቀን የጻፍሁበት አንድ ገጽ ብቻ ነው። በሜሪላንድ ማኅደራችሁን ያሳያችሁ እናቶች ለሙዚቃ ምን እንዳስገባችሁ ብትነግሩኝ፣ ቀጠሮዬ ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ነው።